ኤምዲኤፌን ውሃ ላጠጡልኝ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ሰመራ
ሐምሌ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ፍሬምናጦስ ሀብተ ሥላሴ
የሰፈራችን የንጽህናና የደኅንነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት፤ ከሌሉም እንደተለመደው በመዝጊያዎ ላይ

ጉዳዩ፦ አልዘጋ ያለ በሬን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሙቀቱ ሰውን ቆሞ ቋንጣ በሚያደርግበት በዚህ ወር የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳይታክት እንዲያገለግልዎ፣ መብራት ቢጠፋም በእርስዎ ወገን እንዳይጠፋ፣ ወገብዎም ከመቀመጥ ብዛት እንዳይደክም ዘወትር እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከአፍንጫዬ፣ ከመጋዜና ከበሬ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ ላስታውስዎ። እኔ ደግነት ውብሸት ነኝ፤ መሥሪያ ቤቶቹ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ሲዛወሩ ከወንበሩና ከመዝገቡ ጋር፣ ድስቶቼን ታቅፌ ተጭኜ የመጣሁ ወጥ ሠሪ ነኝ። እርስዎም ወጣት ሠራተኛ ሳሉ ሽሮዬን እየበሉ ጨው በዛበት ይሉ ነበር፤ ያን ጊዜ ሥልጣንዎ እስከ ጨው ድረስ ብቻ ስለነበር ጉዳቱ ቀላል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ያገኘውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ያነባል። የምስር ከረጢት አነባለሁ፣ የመድኃኒት ወረቀት አነባለሁ፣ የእርስዎንም ማስታወቂያ እስከ ማኅተሙ አነባለሁ። በሰፈራችን ማስታወቂያዎን የሚከታተለው እኔና ፍየሎቹ ብቻ ነን። ፍየሎቹ በልተውት ሄዱ፣ እኔ ታዘዝኩት፤ ከእኛ መካከል ማን እንደበለጠ አሁን ግልጽ ሆኖልኛል።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ያህል፣ ባለቤቴ ሲሞት ያወረሰኝ እህቱን ነው። እትዬ ባፈና ትባላለች፤ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ አብረን መኖር ከጀመርን ብዙ ዘመን ሆነን። ክፉ ሰው አይደለችም። ሰው በዓይኑ የሚያየውን እሷ በአፏ ታያለች፤ ዝንብ ብትገባ ዝንቧ በየት እንደገባች፣ ለምን እንደገባች፣ እናቷም እንዲሁ ገቢ እንደነበረች ትናገራለች። ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል እኔም ዓይኔን ስከድን፣ “ደግዬ፣ ተኛሽ እንዴ?” ትለኛለች። “አዎ” ስላት፣ “እንግዲያው ስትነሺ እንዳልረሳው አሁኑኑ ልንገርሽ” ብላ ትጀምራለች። ተወልጄ በእናቴ ቤት፣ ተድሬ በባሌ ቤት፣ ተቀጥሬ በሰው ቤት ስኖር የራሴ የምለው የሚዘጋ በር አንድም ቀን ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ከዚህ ዓለም ሳልሄድ ክፍሏን ለሁለት ከፍዬ፣ በመካከሉ በር አበጅቼ፣ ያንን በር ዘግቼ መቀመጥ ፈለግሁ። ከዚህ የበለጠ ምኞት የለኝም፤ መሬት አልጠየቅሁም፣ ሹመት አልጠየቅሁም።

ለዚሁ ዓላማ በጅቡቲ መንገድ ዳር ከሚያራግፉት ነጋዴዎች አንድ ፊቱ ነጭ፣ አንድ ፊቱ ቡናማ የሆነ ኤምዲኤፍ የሚባል ጣውላ ገዝቼ፣ አንድ የእጅ መጋዝ አክዬ፣ ግቢዬ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። የእርስዎም ውለታ የጀመረው ከዚህ ላይ ስለሆነ በተራ በተራ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ። ኤምዲኤፍ ማለት ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ እንጨት ነው። ብናኙ እንደ ጽድ ሰጋቱራ እግር ሥር አይወድቅም፤ እንደ ጤፍ ዱቄት ብን ብሎ ጎረቤት ሊጠይቅ ይሄዳል። የእኔውም ከአጥሩ ማዶ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጠውን ሰኢዳን ሊጠይቅ ሄደ። ሰኢዳ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ “እማማ ደግነት፣ ሳምቡሳዬ ዱቄት ያነሰው መስሎሽ ነው? ወላሂ ዛሬ የሚያስለው ደንበኛ ከሚበላው በዝቷል” ስትለኝ እውነቷን ነበር፤ እኔም ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አይቼ ቦታ ልቀይር አሰብኩ። እርስዎ ግን ቀደሙኝ። የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ ሱባዔ የሚገባው ጽሕፈት ቤትዎ በዚያው ቀን ማስታወቂያ አወጣ፤ እንዲህም ይል ነበር፦ “ማንኛውም ጣውላ ቆራጭ ብናኝ እንዳይነሣ ከመቁረጡ በፊት ጣውላውን በሚገባ ውሃ ያርከፍክፍ።”

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግቢ ከመጠረጉ በፊት ውሃ እንደሚረጭ እናትዎ አሳይተውዎታል፤ ለእናትዎ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን እናትዎ የሚረጩት መሬቱን እንጂ መጥረጊያውን አልነበረም። እኔ ታዛዥ ስለሆንኩ፣ ለልብስ ማጠቢያ ያቆየሁትን የጀሪካን ውሃ ለበር ባሰብኩት ቁራጭ ላይ በሚገባ አርከፈከፍኩ። ጣውላው ጠጣ። እንዲህ የተጠማ ነገር በዚህ በረሃ አይቼ አላውቅም፤ እስኪረካ ጠጥቶ ሲያበቃ ጠርዙ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ አለ። በደረቀ ጊዜ ይመለሳል ብዬ ፀሐይ ላይ ባወጣው ዕብጠቱ እንዳለ ደረቀ። እትዬ ባፈና ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ “ደግዬ፣ የጣውላ እርጉዝ ዛሬ ገና አየሁ” አለች፤ ከዚያም በዘመዶቿ ውስጥ ስላረገዙት ሁሉ በቅደም ተከተል ነገረችኝ። ለዚህ ሁሉ ዕውቀት ያበቁኝ እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ። ጣውላ ማጠጣቴን ትቼ የቀረውን በደረቁ ልቆርጥ ስዘጋጅ ሁለተኛው ማስታወቂያዎ ደረሰ። ብናኝ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ መቁረጥ የሚፈቀደው በቤት ውስጥ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ብቻ ነው የሚል ነበር። ክቡር ሆይ፣ በሐምሌ ወር በሰመራ ከተማ በርና መስኮት ዘግተው ያውቃሉ? ቢሮዎን ማለቴ አይደለም። እኔ ግን ዘጋሁ። ሙቀቱ ሊገድለን ሲል እትዬ ባፈና ማራገቢያውን ከፈተችው፤ ማራገቢያውም ሥራውን የሚያውቅ ነበርና ብናኙን ሳያዳላ ለአልጋው፣ ለሽሮው ዕቃ፣ ለቅዱሳኑ ሥዕልና ለሁለታችን ሳንባ እኩል አከፋፈለ። እትዬ ባፈና በማስነጠስ ላይ ማስነጠስ ሲደራረብባት፣ እኔ ካወቅኋት ጊዜ አንሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረችውን ነገር ሳትጨርስ ቀረች። ስለዚህች አጭር ፀጥታ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ። በሩን ከፍተን ተያይዘን ስንወጣ ሰኢዳ ሻይ መቅዳቷን አቁማ፣ “ሱብሃነላህ፣ ከወፍጮ ቤት ነው ከመቃብር?” አለች። ከዚያ በኋላ እንቅልፋችን ሳል ሆነ፤ እትዬ ባፈና በሳሉ መካከል መናገርን ተለማመደች፤ አሁን ሳሉ ቢተዋትም ልምዱ አልተዋትም።

ሦስተኛ። ሥራዬን ሊጎበኙ ግቢዬ በመጡ ጊዜ፣ የሚያምረው ነጭ ፊት አቧራ እንዳይነካው ወደ መሬት ተደፍቶ ይቆረጥ ብለው በቃል አዘዙ። የእጅ መጋዝ ሲገፋ ወደ ታች ስለሚነክስ የሚቦጫጨቀው የታችኛው ፊት ነው። እነሆ አቧራ አልነካውም፤ አይጥ የበላው ይመስላል እንጂ ንጹሕ ነው።

አራተኛ። ይህ የዘበኛዎን የአቶ መለሰን ክብር ስለሚነካ ልተወው አስቤ ነበር፤ ሆኖም እሳቸው ራሳቸው በየሻይ ቤቱ ስለሚተርኩት ምሥጢር መሆኑ ቀርቷል። ጣውላው ሲቆረጥ እንዳይንቀሳቀስ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይቀመጥበት ብለው አቶ መለሰን ላኩልኝ። አቶ መለሰ ኃላፊነት የሚሰማቸው፣ ደግሞም ከባድ ሰው ናቸው። ጣውላውን ከሁለት በርጩማ ላይ አጋድሜ፣ ተቆርጦ የሚወድቀው ወገን ከበርጩማው ውጪ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ እሳቸው ጥላ ያለው በዚያ በኩል ነው ብለው እዚያው ላይ ተቀመጡ። “እዚህ ይሻልዎታል፣ ወዲህ ይምጡ” ብላቸው፣ “እማማ፣ እኔ ወንበር አመራረጥ ካንቺ አልማርም፤ አንቺ ብቻ ግዘጊ” አሉኝ። እኔም ሹም የላከውን ሰው መመለስ ስላልለመድኩ ገዘገዝኩ። መጋዙ ገና መጨረሻው ላይ ሳይደርስ የቀረውን አቶ መለሰ በራሳቸው ክብደት ጨረሱት፤ ጣውላውም ከጥግ እስከ ጥግ ተገንጥሎ ከእሳቸው ጋር ወረደ። ሱሪያቸው ተቀደደ እንጂ እግዚአብሔር ይመስገን ሰውነታቸው ደኅና ነበር። እትዬ ባፈና የተቀደደውን ልትሰፋላቸው ስትጠራቸው እየሮጡ ወጡ፤ ሲሮጡም ሳይሰፋ መቅረቱን ያልተመለከተ ጎረቤት አልነበረም።

በዚህ አደጋ ምክንያት ጥፋተኛው ተፈልጎ ተገኘ፤ መጋዙ ነበር። “ለሰው ሕይወት አስጊ መሣሪያ” ተብሎ ተወሰደብኝ። በማግስቱ አቤት ልል ስመጣ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ በመስኮቱ ብመለከት፣ በስብሰባው ላይ ሐብሐብ ነበር፤ አስጊው መሣሪያም ሐብሐቡን ለሁለት እየከፈለ ነበር። ሐብሐቡን ሲቆርጡ በርና መስኮት አለመዘጋቱን፣ የሚበላው ፊት ወደ መሬት አለመደፋቱን፣ አቶ መለሰም እንዳልተቀመጡበት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ ውሃው አላውቅም፤ ሐብሐብ የራሱ ውሃ አለው።

ካሕሳይ የተባለ የሰፈራችን አናጺ፣ የማስታወቂያዎን ታሪክ ስነግረው ስቆ ስቆ መሬት ተቀመጠ። ቀድሞ ስፈልገው ስልኩ ዝግ ነበር፤ ጣውላው ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ግን ምክር ይዞ መጣ። ዘጠኝ ጣት ብቻ ያለው አናጺ ስለ ደኅንነት ሲመክር መስማት አያስደስትም፤ አሥረኛው የት እንደሄደ ብጠይቀው፣ “እናቴ፣ እሱ ሳልማር ነው የሄደው” አለኝ። የነገረኝን እዚህ የምጽፈው፣ ሦስተኛ ማስታወቂያ ለማውጣት ያሰቡ እንደሆነ የሚገለበጥ ነገር እንዲያገኙ ብዬ ነው። ውሃው ለመሬቱ ነው፤ ከጣውላው ሥር ያለውን መሬት ማራስ፣ ጣውላውን ከጠብታ መጠበቅ። ሥራው በሜዳ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ ፊት ለፊት ሳምቡሳ አለመኖሩን አይቶ ነው። አፍንጫና አፍ በደንብ ይሸፈናል፤ ደህናው መሸፈኛ ሲጠፋ እርጥብ ሻሽ ከባዶ አፍንጫ ይሻላል። የሚቆረጥበት መሥመር ላይ ማሸጊያ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በምላጭ ጫር ተደርጎ፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ ጋደም ብሎ ቀስ እያለ ይሄድበታል፤ በእጅ መጋዝ ከሆነ መልከ መልካሙ ፊት ወደ ላይ ነው። ሁለቱም ወገን ከሥሩ ድጋፍ ይደረግለታል፤ ድጋፍ ማለት በርጩማ እንጂ ዘበኛ አይደለም። የተቆረጠውም ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ ኮላ ወይም ቀለም ይጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ አይጠጣም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ግድግዳው እንደ ነገሩ ቆሟል፤ ጠባሳው ወደ እትዬ ባፈና በኩል እንዲሆን አድርጌዋለሁ። በሩም በማጠፊያው ተንጠልጥሏል። ያበጠው ጠርዝ ግን መቃኑን እየነካ አልዘጋም ይላል፤ የምችለውን ያህል ስገፋው ፊት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል፤ በዚያ ክፍተት ደግሞ ሁልጊዜ ፊት አለ። “ደግዬ፣ ዝጊው እንጂ፣ ስትዘጊው ልይሽ” ትለኛለች። ዕብጠቱን ብቻ አንድ ጊዜ ሸርፌ ብጥል በሩ ይዘጋል። መጋዝ ያላቸው ጎረቤቶቼ የእኔን ዕጣ አይተው መጋዛቸውን ከአልጋ ሥር ደብቀዋል፤ ካሕሳይም አዳይቱ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ስልኩም እንደገና ዝግ ነው።

ታገሺ ሊሉኝ ይችሉ ይሆናል። እኔም በታገሥኩ ነበር፤ ነገር ግን እትዬ ባፈና አዋሽ ከተማ የምትኖር ታላቅ እህት አለቻት። እትዬ ትዕዛዝ ትባላለች። ሰው ከሰመራ የሚሸሽበትን ወር መርጣ፣ ለጉልበቴ ሙቀት ይበጀኛል ብላ፣ ለሐምሌ ዑራኤል ትመጣለች፤ የምትመለሰውም ጉልበቷ ሲሻላት ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ሲገናኙ አንዷ ስትናገር ሌላዋ የምታዳምጥ እንዳይመስልዎ። ሁለቱም በአንድነት ይናገራሉ፤ የሚያዳምጠው ሦስተኛ ሰው ነው። ያ ሦስተኛ ሰው፣ ክቡር ሆይ፣ ሃያ ሁለተኛው ቀን ሳይደርስ በሩ ካልተዘጋ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሐብሐቡ ባለቀበት ሰዓት መጋዜን እንዲመልሱልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ለመጠበቅ የሚልኩት ሰው ካለ ቆሞ ይጠብቅ። ማስታወቂያ የሚልኩ ከሆነ ግን በቀጥታ ለፍየሎቹ ይስጡልኝ።

ስላደረጉልኝ ሁሉ፣ ደግሞም ሊያደርጉ አስበው ጊዜ ስላጠረዎት ሁሉ አብዝቼ እያመሰገንኩ፣ እንዲህ ያለ አሳቢ ኃላፊ ለሌላ ሰፈርም እንዲደርሰው፣ ቶሎም እንዲደርሰው እየጸለይኩ፣ በግማሽ በተከፈተው በሬ ውስጥ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

የምትታዘዝዎና ታዝዛም ያየችው
ደግነት ውብሸት

ግልባጭ፦
ለሰኢዳ ሻይ ቤት፣ ከሳምቡሳው መስታወት በላይ እንዲለጠፍ
ለአቶ መለሰ፣ ሱሪያቸውን ሲለብሱ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ፊርማዬ ሳይደርቅ እትዬ ትዕዛዝ ከሚኒባስ ወረደች፤ ዑራኤልን መጠበቅ አልቻለችም። በሩን አይታ ምን ነካው ብላ ስትጠይቀኝ፣ እኔ ተናግሬ ስለማላውቅ ክቡር አቶ ፍሬምናጦስን ብትጠይቂ ይሻላል፣ ቢሮአቸው ቀዝቃዛ ነው፣ ባለጉዳይ እስኪረካ ማዳመጥም ግዴታቸው ነው አልኳት። እትዬ ባፈናም እሷ ብቻዋን መንገዱን አታውቀውም ብላ አብራት ወጣች። ምሳቸውን ቋጥሬላቸዋለሁ። ይህን ሲያነቡ እፊትዎ ተቀምጠው ይሆናል፤ ታሪኩን ከየት እንጀምርልዎ ቢሉዎት ከበሩ እንዲጀምሩ ይለምኗቸው፣ አለዚያ ከአባታቸው ሠርግ ይጀምራሉ። መጋዙን ለአቶ መለሰ አስይዘው የላኩልኝ እንደሆነ በሬን አስተካክዬ እንደጨረስኩ መጥቼ ሁለቱን እህትማማቾች እወስድልዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አልመጣም፤ ቤቱ ዛሬ ፀጥ ብሏል፤ ጋደም ልል ነው።